ቶኪንግ ሄድስን ከ77 እስከ 88 እንዴት ማዳመጥ ይቻላል፦ ድምጻዊውን ተዉት፣ ቤዙን ተከተሉ

ቶኪንግ ሄድስን (የኒው ዮርክ ሮክ ባንድ ናቸው) በምርጥ ዘፈኖች ፕሌይሊስት ብቻ የሰማ ሰው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። አንዱ ዘፈን ደረቅ ጊታርና የጨነቀው ሰው ድምጽ ነው፣ ቀጥሎ ዘጠኝ አስር ሰው ሚጫወተው ሚመስል አፍሪካ አፍሪካ ሚል ነገር ይመጣል፣ ከዛ ደግሞ አኮርዲዮን ያለበት የአሜሪካ ገጠር ዘፈን፣ እና "እንዴ ይሄ ሁሉ አንድ ባንድ ነው?" ያስብላል። አዎ አንድ ባንድ ነው፣ እነዛው አራት ሰዎች፣ ከ1977 እስከ 1988 ስምንት የስቱዲዮ አልበም (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው ምጽፈው)። ሚያምታታው ፕሌይሊስቱ ነው እንጂ ሙዚቃው አይደለም። በተራው ከሰማችሁት እያንዳንዱ ለውጥ ከየት እንደመጣ ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

ብዙ ሰው ሚሠራው ነገር ዴቪድ በርንን፣ ማለትም ድምጻዊውን፣ መከተል ነው። ልክ ነው ሰውየው ትኩረት ይስባል፣ ግን እሱን ብቻ ከተከተላችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ የተጨነቀ ሰው ነው ምትሰሙት። የእኔ ምክር ሌላ ነው፦ በየአልበሙ ጆሯችሁን ቤዙና ድራሙ ላይ አድርጉና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፣ ይሄ ዘፈን እንዴት ነው የተሠራው? አንድ ሰው ቤቱ ጊታር ይዞ ጽፎ ያመጣው ነው ወይስ አራቱም ስቱዲዮ ገብተው እየተጫወቱ ያገኙት? የዚህ ባንድ ድምጽ ሚቀያየረው የዚህ ጥያቄ መልስ በተቀያየረ ቁጥር ነው። የፋሽን ጉዳይ ወይ የአዲስ ኪቦርድ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሸፍል (ዘፈኖችን አዘበራርቆ ሚያጫውተውን) አጥፉ። በስልክ ስፒከር አትስሙ፣ ቤዝ ሚባል ነገር አይወጣለትም፣ ርካሽም ቢሆን ሄድፎን ይሻላል። ሪማስተር የተደረጉት እትሞች መጨረሻ ላይ ተጨማሪ ዘፈኖች ስላሉ ዋናው አልበም የቱ ጋ እንደሚያልቅ አይታችሁ እዛው ላይ አቁሙ፣ ትርፎቹን ለሌላ ቀን አቆዩአቸው። ስምንቱንም በአንድ ቅዳሜ ልጨርስ ብላችሁ አትሞክሩ፣ አራተኛው ላይ ስትደርሱ ጆሮ ይደክማል፣ አራተኛው ደግሞ ሚደክምበት አልበም አይደለም።

ስለ ሰዎቹ ይቺን ያህል ካወቃችሁ ይበቃል። በርን፣ ድራመሩ ክሪስ ፍራንትዝና ቲና ዌይማውዝ ሮድ አይላንድ ውስጥ ያለ የስነጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ነው የተገናኙት፣ ከዛ ኒው ዮርክ ገቡ። ቤዝ ሚጫወት ሰው ሲያጡ ቲና ተማረችው፣ ማለትም ይሄ በኋላ ዓለም ሚጨፍርበት ቤዝ ባንዱ ከተቋቋመ በኋላ መሣሪያውን ያነሳች ሴት የተጫወተችው ነው፣ እና እንደኔ እንደኔ ጥንካሬውም እሱ ነው፣ ልታይ ልታይ አይልም፣ ትንሽ ኖታ ይይዛል፣ የያዘውን አይለቅም። በ1975 ሲቢጂቢ የተባለው ክለብ ውስጥ ለፓንክ ባንዱ ለራሞንስ መክፈቻ ሆነው ጀመሩ። ጄሪ ሃሪሰን በ1977 በኪቦርድና በጊታር ተጨመረ፣ አራት ሆኑ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት፦ ተጽፎ የመጣ ዘፈን

"ቶኪንግ ሄድስ፦ 77" ላይ ምትሰሙት ነገር ሁሉ ደረቅ ነው። ጊታሩ ማዛባት የለውም፣ ንጹህና ቀጭን ነው፣ በመሣሪያዎቹ መሀል አየር አለ። የዛኔ ፓንክ ሚባለው በጩኸትና በፍጥነት ነበር ሚታወቀው፣ እነሱ ደግሞ ኮሌታው የተቆለፈ ሸሚዝ የለበሰ ባንድ ናቸው። በርን ሚዘፍነው ለሥራ ኢንተርቪው ገብቶ ቡና በላይ በላዩ እንደጠጣ ሰው ነው። ዘፈኖቹ ግን በደንብ የተጻፉ ዘፈኖች ናቸው፣ መግቢያ አላቸው፣ አዝማች አላቸው፣ ኮርዳቸው (አብረው ሚመቱት የኖታ ስብስብ) ይቀያየራል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ስሙ። አንደኛ "ሳይኮ ኪለር"፣ የቤዙን መግቢያ። ቲና ቀጥ ብላ ነው ምትሄደው፣ ምንም ጌጥ የለውም፣ ግን ዘፈኑን ተሸክሞ ሚሄደው እሱ ነው። ቤዙን በአፋችሁ ማንጎራጎር እስክትችሉ ድረስ ደጋግሙት፣ በኋላ ያስፈልጋችኋል። ሁለተኛ ደግሞ የአልበሙ መክፈቻ ዘፈን ውስጥ የካሪቢያን ስቲል ድራም አለ፣ ልብ ካላላችሁት ያልፋችኋል። ሰው "በኋላ ነው ወደ ጥቁር ሙዚቃ የዞሩት" ይላል፣ ኧረ ገና ከመጀመሪያው አልበም የመጀመሪያ ዘፈን ጀምሮ ዳንስ ውስጥ አሉ፣ ብቻ አላመኑበትም።

በ1978 "ሞር ሶንግስ አባውት ቢልዲንግስ ኤንድ ፉድ" መጣ፣ እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ብራያን ኢኖ ፕሮዲውሰር (የቀረጻው መሪ) ሆኖ ባሃማስ ናሳው ኮምፓስ ፖይንት ስቱዲዮ ገቡ። ዘፈኖቹ አሁንም በአብዛኛው አስቀድመው የተጻፉ ናቸው፣ የተቀየረው ድምጹ ነው። ከ77 በቀጥታ ወደዚህ ስታልፉ ድራምና ቤዙ ወደ ፊት ወጥቶ ታገኙታላችሁ፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ደግሞ ምን መሣሪያ እንደሆነ ማይታወቅ ድምጽ ይሰማል፣ እሱ የኢኖ ሥራ ነው። "ፋውንድ ኤ ጆብ"ን ስትሰሙ ግጥሙ ሲያልቅ ዘፈኑን አትለፉት፣ መጨረሻው ላይ ዘፈኑ ቀርቶ ግሩቩ (እየተደጋገመ ሚዞረው የቤዝና የድራም ምት) ብቻውን ይሄዳል ይሄዳል፣ የወደፊቱ ባንድ እዛች ጅራት ውስጥ ነው ያለው። የሶል ዘፋኙን የአል ግሪንን "ቴክ ሚ ቱ ዘ ሪቨር" ደግሞ ከዋናው ጋር አነጻጽሩት፣ እነሱ በጣም አዝግመው ነው የተጫወቱት፣ ድራሙ እየጎተተ፣ እና የመጀመሪያ እውነተኛ ሂታቸው ይሄው የዘገየው ነገር ሆነ፣ አሜሪካ ውስጥ 26ኛ ደርሷል።

1979፦ ወለሉ መናወጥ ሲጀምር

"ፊር ኦፍ ሚዩዚክ" ሽፋኑ ጥቁር ሆኖ እንደ ብረት ወለል ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ነው፣ ሙዚቃውም እንደዛው። የሪትሙን ትራኮች የቀዱት ስቱዲዮ ውስጥ አይደለም፣ ክሪስና ቲና (ባልና ሚስት ናቸው) ሎንግ አይላንድ ሲቲ ያለው ቤታቸው ውስጥ ነው፣ ውጪ ተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ የጫነ መኪና ቆሞ። ይሄ ይሰማል። አንድ ክፍል ውስጥ አብረው የቆሙ ሰዎች ናቸው።

የመክፈቻው ዘፈን "አይ ዚምብራ" ለዚህ ሁሉ ጉዞ ቁልፍ ነው። ግጥሙ ምንም ቋንቋ አይደለም፣ ከዳዳ (ትርጉምን ሆን ብሎ ሚያፈርስ የጥበብ እንቅስቃሴ) ገጣሚው ከሁጎ ባል የተወሰደ ትርጉም አልባ ድምጽ ነው፣ ሮበርት ፍሪፕ ጊታር ገብቶበታል፣ ከበሮው ተደራርቧል፣ የሚዘፍነው ደግሞ አንድ የጨነቀው ሰው መሆኑ ቀርቶ ቡድን ሆኗል። ግን ተመልከቱ፣ ከሱ በኋላ ያለው አልበም ወደዛ አልሄደም፣ ጨለማ ውስጥ ነው የገባው። "ሜሞሪስ ካንት ዌይት" ላይ ድምጹ እንደ ዋሻ ነው። የመጨረሻው "ድራግስ" ደግሞ "ኤሌክትሪሲቲ" ሚባል ቀጥ ያለ ዘፈን ነበር፣ ስቱዲዮ ውስጥ አፍርሰው ቁርጥራጩን ብቻ ትተውት ነው እንደዛ የሆነው። የድሮ መልኩን ለመስማት በ1982 የወጣውን "ዘ ኔም ኦፍ ዚስ ባንድ ኢዝ ቶኪንግ ሄድስ" ሚለውን የላይቭ አልበም በ2004 ተጨምሮበት የወጣውን እትም ክፈቱና ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙ፣ ከየትኛውም ማብራሪያ በላይ ያስረዳል።

1980፦ እዚህ ጋ ቆዩ

"ሪሜይን ኢን ላይት" ለኔ ከሌሎቹ ሰባት ሲደመሩ እኩል ጊዜ ሊሰጠው ይገባል፣ ማይስማማ ካለ ይከራከረኝ። ስምንት ዘፈን ብቻ ነው፣ 40 ደቂቃ ገደማ።

የሆነው ነገር ይሄ ነው። ኢኖ የናይጄሪያዊውን የአፍሮቢት ሙዚቀኛ የፌላ ኩቲን "አፍሮዲዚያክ" (1973) ለባንዱ አሰማ፣ ለአልበሙም እንደ ንድፍ ሆነ። ተመልሰው ናሳው ሲገቡ የተጻፈ ዘፈን ይዘው አልገቡም። አንዱ አንድ አጭር ሐረግ ይጀምራል፣ ሳይቀይር ደጋግሞ ይጫወታል፣ ሌላው በላዩ የራሱን ይጨምራል፣ እንደዛ እየተባለ ይደራረባል፣ ከዛ ሚክስ ላይ ቁጭ ብለው የትኛው መሣሪያ መቼ ይግባ መቼ ይውጣ ሚለውን ትራኩን እየከፈቱና እየዘጉ ይወስናሉ። የዛኔ ኮምፒውተር ላይ ሉፕ (እየዞረ ሚደጋገም ቁራጭ) ኮፒ ማድረግ ሚባል ነገር የለም፣ ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው ሉፑ። ስለዚህ ዘፈኖቹ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ኮርድ ላይ ነው ሚቆሙት። ኮርድ ካልተቀየረ ዘፈኑ በምን ይንቀሳቀሳል? በሚጨመረውና በሚቀነሰው ነገር። ይሄ ነው ትልቁ ለውጥ፣ ከ77 ዘፈን አሠራር ጋር ምንም አይገናኝም።

ለኛ ጆሮ ግን ያን ያህል እንግዳ አይደለም፣ አንድ ሐረግ እየዞረ በላዩ ሌላው ሚጫወትበት ሙዚቃ እየሰማን ነው ያደግነው። የዋልያስ ባንድን "ሙዚቃዊ ስልት" (እሱም በ1977 ነው የወጣው፣ በአጋጣሚ) የወደደ ሰው ይሄንን አልበም ለመውደድ ብዙ አይለፋም።

እንዴት ይሰማ? "ቦርን አንደር ፓንችስ"ን ሦስት ጊዜ ስሙ። አንዴ ቤዙን ብቻ፣ ቲና ኖታ ከመጫወቷ ዝም ማለቷ ይበልጣል፣ ክፍተቱ ራሱ ሪትም ነው። አንዴ ጊታሮቹን ብቻ፣ አንዳቸውም ዜማ አይጫወቱም፣ ሁሉም እንደ ከበሮ ነው ሚመቱት፣ መሀል ላይ የተበላሸ ኮምፒውተር ሚመስል ድምጽ ይመጣል፣ እሱ በእንግድነት የተጫወተው ጊታሪስት አድሪያን ብሉ ነው፣ ጊታር ነው፣ እውነቴን ነው። በሦስተኛው ድምጾቹን፣ መጨረሻ አካባቢ በርን አንድ ሐረግ ይዘፍናል፣ ከኋላ ሌላ ድምጽ ሌላ ሐረግ ይዞ ይገባል፣ ከዛ ሌላ፣ ተጣልፈው ይሄዳሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አያቋርጠውም። "ክሮስአይድ ኤንድ ፔንለስ" ላይ በርን በፍጥነት ሚናገርባት ቦታ አለች፣ እሷ ከኩርቲስ ብሎው ራፕ የመጣች ናት፣ በ1980 መሆኑን አትርሱ።

ከዛ "ዋንስ ኢን ኤ ላይፍታይም"። እዚህ ላይ በእጃችሁ ጠረጴዛ እየመታችሁ "አንድ"ን ፈልጉ፣ ማለትም ምቱ ሚጀምርበትን ቦታ። ኢኖ አንዱን ቦታ፣ ሌሎቹ ሌላውን ቦታ "አንድ" አድርገው ነበር ሚሰሙት፣ እና ያ ግጭት ዘፈኑ ውስጥ ቀርቷል፣ ውሃ ላይ እንደመንሳፈፍ ሚያደርገው እሱ ነው። በርን በግጥሙ መሀል ሚናገርበት ቅላጼ የአሜሪካ ሬድዮ ሰባኪዎችን አሰባበክ ይዞ ነው፣ እኛ አገር ቲቪ ላይም ሚመሳሰል አይጠፋም። የሸክላው ሁለተኛ ገጽ ላይ ሙዚቃው እየቀዘቀዘ እየጨለመ ሄዶ "ዘ ኦቨርሎድ" ላይ ይቆማል። ብዙ ሰው እዛ ይሰለቻል፣ እኔም አንዳንዴ ከ"ሊስኒንግ ዊንድ" በኋላ ነው ማጠፋው።

1983፦ ሰው ሚጨፍርበት

ከዚህ በኋላ ኢኖ ሄደ፣ በዘፈን ጽሑፍ ክሬዲት ጉዳይ ባንዱ ውስጥ ቅሬታ ነበር፣ እሱን እንለፈው። "ስፒኪንግ ኢን ታንግስ"ን ራሳቸው ፕሮዲውስ አደረጉት። አሠራሩ ያው ነው፣ መጀመሪያ ግሩቩ፣ በርን በላዩ ትርጉም የሌለው ድምጽ እያወጣ ይዘፍናል፣ ቃላቱ በኋላ ይገባሉ፣ ስሙም ከዛ ነው። ግን የ1980ው ጭጋግ ተነስቷል፣ ሁሉም ነገር ብሩህና ጠንካራ ነው፣ የኪቦርድ ቤዝ ገብቷል፣ የፈንክ ባንዱ የፓርላመንት ፈንካዴሊክ ኪቦርዲስት በርኒ ዎረል አለበት። "በርኒንግ ዳውን ዘ ሀውስ" አሜሪካ ውስጥ 9ኛ ደረሰ፣ ከዛ በላይ የወጣ ዘፈን የላቸውም። አንድ ማስታወሻ፣ የዛኔ በካሴት የወጣው እትም ላይ በርካታ ዘፈኖች ከሸክላው ይረዝማሉ፣ ስለዚህ ሁለት ሰው ስለ አንድ ዘፈን ሲያወራ ርዝመቱ ካልተገናኘ አትጣሉ።

"ዚስ መስት ቢ ዘ ፕሌስ" ላይ ቤዙን ተከተሉ ስላችሁ ቲናን ፈልጋችሁ አታገኟትም፣ ጊታሩን የያዘችው እሷ ናት። ጄሪ ቤዙን በኪቦርድ ይጫወታል። መሣሪያ ተቀያይረዋል፣ ስለዚህም ቀላል ነገር ነው ሚጫወቱት፣ ጊታሩና ቤዙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንኑ ሐረግ ነው፣ አንዴም አይቀይሩትም። የ"ሪሜይን ኢን ላይት" ዘዴ ነው በቀጥታ፣ ግን ጭንቀቱ ወጥቶ ፍቅር ገብቶበታል። ከዚህ ዘፈን የተሻለ ምን ሠርተዋል ብትሉኝ መልስ የለኝም።

እዚህ ላይ አልበሙን አቁማችሁ "ስቶፕ ሜኪንግ ሴንስ" ሚለውን ፊልም እዩ፣ ጆናታን ዴሚ በ1983 መጨረሻ ሆሊውድ ፓንቴጅስ ቲያትር ውስጥ የቀረጸው ኮንሰርት ነው። ለዚህ ጽሑፍ ሚጠቅመው በአንድ ምክንያት ነው፣ መድረኩ ባዶ ሆኖ በርን ብቻውን ጊታርና ቴፕ ይዞ በ"ሳይኮ ኪለር" ይጀምራል፣ በሁለተኛው ዘፈን ቲና ትገባለች፣ በሦስተኛው ክሪስ፣ በአራተኛው "ፋውንድ ኤ ጆብ" ላይ ጄሪ፣ ከዛ አጃቢ ድምጻውያኑና ፐርከሽኑ፣ ከዛ በርኒ ዎረልና ጊታሪስቱ አሌክስ ዊር። ስድስት ዘፈን ውስጥ የስድስት ዓመቱ ለውጥ በዓይናችሁ ፊት ይገጣጠማል። (በርን ሚታወቅበት ያ ከልክ በላይ ሰፊ ኮት ሚመጣውም እዚሁ ነው፣ መጨረሻ አካባቢ።)

85 እና 86፦ ወደ ተጻፈ ዘፈን መመለስ

እዚህ ላይ ብዙ አድናቂ ያኮርፋል። "ሊትል ክሪቸርስ" ላይ በርን እንደገና ቤቱ የጻፋቸውን ዘፈኖች ይዞ መጣ፣ ባንዱ ተጫወታቸው፣ አለቀ። ኮርዶቹ ተመለሱ፣ አዝማቾቹ ተመለሱ፣ አገርኛ የአሜሪካ ድምጽ ገባ፣ "ክሪቸርስ ኦፍ ላቭ" ላይ ፔዳል ስቲል ጊታር አለ፣ "ሮድ ቱ ኖዌር" በኳየር ተከፍቶ በአኮርዲዮን ይጋልባል። አሜሪካ ውስጥ ከሁለት ሚሊዮን ኮፒ በላይ የሄደ አልበም ነው፣ ስለዚህ ሰፊው ሕዝብ አላኮረፈም። እናንተም ከ77 ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስሙት እንጂ ከ1980ው ጋር አታወዳድሩት፣ ተመሳሳይ አሠራር ነው፣ ብቻ አሁን ቤዝና ድራሙ ጨዋታ የቻሉ ሰዎች ናቸው።

"ትሩ ስቶሪስ" (1986) በርን ለሠራው ፊልም የተጻፉ ዘፈኖች ናቸው፣ ባንዱ ደግሞ እነሱን በራሱ ድምጽ ተጫውቷቸዋል። ቸኩላችሁ ከሆነ እሱን ዝለሉ። የእንግሊዙ ባንድ ሬድዮሄድ ስሙን የወሰደው ከዚህ አልበም ዘፈን ነው፣ ከዛ ውጪ "ዋይልድ ዋይልድ ላይፍ"ን ከሰማችሁ ይበቃል።

1988፦ ፓሪስ

"ኔክድ" ላይ እንደገና ባዶ እጃቸውን ስቱዲዮ ገቡ፣ ፓሪስ ውስጥ፣ ከፕሮዲውሰሩ ስቲቭ ሊሊዋይት ጋር፣ እና እዛ ከተማ የሚኖሩ የአፍሪካ ሙዚቀኞችን ጠርተው አብረው እየተጫወቱ ግሩቩን አገኙ፣ ግጥሙ በኋላ ተጨመረ። በወረቀት ላይ ስታዩት የ"ሪሜይን ኢን ላይት" ድጋሚ ነው። በጆሮ ግን አይደለም፣ ያኔ አራት ፈረንጅና ኢኖ ፌላን ከሸክላ እየሰሙ ነበር፣ አሁን የጊኒው ሞሪ ካንቴ ራሱ ክፍሉ ውስጥ አለ። ልዩነቱን "ብላይንድ" ላይ ስሙት፣ ብራሱ ሲገባ ማንም የሌላ ሰው ሙዚቃ እየሞከረ አይመስልም። "ነቲንግ በት ፍላወርስ" ላይ ያለው ሚፍለቀለቅ ጊታር የዘ ስሚዝሱ ጆኒ ማር ነው፣ ከኮንጎ ጊታር ጋር ሊምታታባችሁ ይችላል። ሁለተኛው ግማሽ ይጨልማል፣ የመጨረሻው "ኩል ዋተር" ከባድ ነው። መለያየታቸው በይፋ የተነገረው በ1991 ነው፣ ስቱዲዮ አልበም ግን ከዚህ በኋላ የለም።

ጨርሳችሁ አሁንም ከፈለጋችሁ ወደ በርን ሶሎ ከመሄዳችሁ በፊት ክሪስና ቲና በ1981 ለብቻቸው በቶም ቶም ክለብ ስም ያወጡትን አልበም ክፈቱ። "ጂኒየስ ኦፍ ላቭ" ሲጀምር "ይሄንንማ አውቀዋለሁ" ማለታችሁ አይቀርም፣ ማራያ ኬሪ በ1995 "ፋንታሲ"ን የሠራችው በሱ ላይ ነው፣ ካላመናችሁ ሁለቱን አከታትላችሁ አጫውቱና ቤዙን ስሙ።